የግራው የኋላ ጎማ

ሰዓዳ እንድሪስ በሙያው ትበልጠኛለች። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ጡረታ እስክወጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ሰው ፊቴ ቆሞ «ሰዓዳ እኮ» ብሎ ሲጀምር ወሬውን አቋርጬ እነሣ ነበር። አሁንም መነሣት ያምረኛል፤ ግን የሚታዘበኝ አለቃ ስለሌለ እንደ ልቤ እናገራለሁ።

ሥራዬ የመኪና ዋጋ መገመት ነበር። የመንግሥት መኪና ሲጋጭ፣ ሲያረጅ፣ በጨረታ ሲሸጥ «ይህን ያህል ያወጣል» ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከቢሮ ውጪ ደግሞ ወንድምና እህት ውርስ ሲካፈሉ፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ ሽማግሌዎች ያስጠሩኛል። ደመወዙ ደመወዝ ነው፤ ስለ እሱ የሚጻፍ ነገር የለም። ስሸኝ ጋቢ አለበሱኝ፣ አለቃዬም ስሜን አንድ ጊዜ ተሳስቶ ጥሩ ንግግር አደረገ። ቦታዬን የያዘው ወጣት የመኪናውን ስም ስልኩ ላይ ጽፎ ዋጋውን ወዲያው ያገኘዋል። ያግኝ። ስልክ መኪና ሥር ገብቶ አይተኛም።

ሙያውን ያስተማሩኝ የሰዓዳ አባት አያ እንድሪስ ናቸው። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ነበራቸው። እኔ የደብተራ ልጅ ነኝ፤ ቅኔውን አቋርጬ እሳቸው ዘንድ ስገባ እናቴ «ልጄ ከማኅሌት ወጥቶ ናፍጣ ሊያጥን ነው» እያለች ለጎረቤት አማረረች። ምሳ ሲደርስ የአያ እንድሪስ ባለቤት ለእኔ ለብቻ ሽሮ ይሠሩልኝ ነበር። ሥጋችን ባይገናኝም እንጀራችን አንድ ነበር።

አያ እንድሪስ መኪና ሊገምቱ ሲሄዱ መጀመሪያ መኪናዋን አያዩም። ቤት ገብተው ይቀመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ከዚያ «ማኪናዋ ምን ስትሠራ ኖረች?» ይላሉ። ስንት ሄደች አይሉም። «ኪሎ ሜትሩ የሄደችውን ነው የሚቆጥር። ሰው እቤቱ ተቀምጦም ያረጅ የለም ወይ?» ይሉኝ ነበር። ከዚያ አራቱንም ጎማ በክሪክ እያስነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ያዞራሉ። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ መበላት ሲጀምር ገና ድምፅ ሳያሰማ መዳፍ ላይ ይታወቃል፤ ጥሩ ያልተነፋ ሽሮ ምላስ ላይ እንደሚታወቀው ነው። ጉድለት ያገኙበትን ቦታ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ምልክት ያደርጉበታል። ጨርሰው ሲወጡ ምልክቱን ሁሉ በጨርቅ ይጠርጉታል፤ ከኋላ የሚመጣው ገማች በራሱ ዓይን እንዲያይ። ዋጋ እስኪከፈት ድረስ ገማች ለገማች አይናገርም። ሕጋቸው ይህ ነበር።

ሰዓዳ በስምንት ዓመት ታንሰኛለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ጥላ ጋራዥ ትገባ ነበር። ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ የአንድ ነጋዴ ጭነት መኪና ጎማ አዙራ «ይኸ ረመዳን አይደርስም» አለች። ነጋዴው ሳቀ። ረመዳን ሳይገባ መኪናው ጭልጋ መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ጋራዥ በመጣ ቁጥር «ልጂቱ የለችም?» ነው የሚለው። እኔ እዚያው ቆሜ! ስንት ዓመት ሙሉ ዘይት የጠጣሁ ሰውዬ፣ እጄን በጨርቅ እያበስኩ፣ «ልጂቱ የለችም?» እባላለሁ። ቅናት አንጀት ይበላል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ለራሴ የምነግረው ምክንያት ነበረኝ። የአባቷ ልጅ ናት፤ የሙያው ማር ለእሷ ይሰጣል፣ ሰፈፉ ለእኔ ይደርሰኛል። እኔም የእሳቸው ልጅ ብሆን ኖሮ እንዲያ እሆን ነበር። በዚህ ወደ አርባ ዓመት ራሴን አጽናናሁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ደባርቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ብረቱን ከጣት ጋር ያጣብቀዋል። አለቃዬ መኪና የሚገምተው በመስኮት እያየ በቀለሙ ነበር፤ ካማረ ይጨምራል፣ ከደበዘዘ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ አዲስ ቀለም የተቀባች ፒክአፕ ላይ ማግኔት ባስኬድባት አልይዝ አለ። ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነበር፤ በሯ ግማሹ ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል። አለቃዬ ተቆጣ፣ ቆይቶ ፈረመ። በሳምንቱ ጎንደር ወርጄ ለአያ እንድሪስ በኩራት ነገርኳቸው።

«ሸጋ ነው ልጄ» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል «ሰዓዳም በቀደም ያለ ማግኔት፣ በጥፍሯ እየመታች አንዱን አገኘችው» ብለው ጨመሩ። ምሳ ሳልበላ ደባርቅ ተመለስኩ።

ከደባርቅ ኮላ ድባ አወረዱኝ፤ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ሙቀቱን ልተወውና፣ ደንቢያ ሜዳ ላይ ሰው እህሉን ለማስፈጨት የማያዞረው ነገር እንደሌለ ያየሁት እዚያ ነው። የትራክተር ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ ሞተር፣ ያገኙትን ሁሉ በቺንጋ፣ በወፍራሙ የላስቲክ ቀበቶ፣ ከወፍጮው ጋር ያያይዙታል። ይህን የምጽፈው አላውቅም ነበር ማለት እንደማልችል ታውቁልኝ ዘንድ ነው።

አሁን ወደምፈራው ልምጣ። ጡረታ ከመውጣቴ ዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት መምህር ውበቱ የሚባሉ ሰው ጎንደር ማራኪ ሰፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ አረፉ። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ታላቁ አስማማው ሌላ ከተማ የሚነግድ፣ ታናሿ ትርንጎ አባቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች። አባትየው ቤቱ ለአስማማው፣ መኪናዋ ለትርንጎ ትሁን ብለው ተናዘዋል። ጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች ግን ጭቅጭቅ አመጡ። ትርንጎ የምትኖረው እነሱን ለተማሪ እያከራየች ነው። ሽማግሌዎቹ መከሩና እንዲህ አሉ፦ መኪናዋ ውድ ከሆነች የትርንጎ ድርሻ በእሷ ስለሚሞላ ክፍሎቹ ለአስማማው ይሁኑ፤ ርካሽ ከሆነች ግን ክፍሎቹ ለትርንጎ ይጨመሩላት። የሴትዮዋ እንጀራ እንዲህ በመኪናዋ ዋጋ ላይ ተንጠለጠለ።

እንደ ወጉ እያንዳንዱ ወገን አንድ ገማች ይመርጣል፤ ሦስተኛውን ሁለቱም ተስማምተው ያስቀምጡታል፣ ሁለቱ ገማቾች ከተለያዩ የሚያጸናው እሱ ነው። ትርንጎ ሰዓዳን መረጠች። አስማማው እኔን መረጠ። ሦስተኛው አያ እንድሪስ ሆኑ። አስማማው የሰዓዳን አባት ምንም ሳይል የተቀበለው፣ አያ እንድሪስ ለልጃቸው እንደማያደሉ አገር ስለሚያውቅ ነው። ያኔ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር፤ እኛ ያየነውን ሰምተው ነው የሚፈርዱት። ሦስታችንም ማልን፤ እሳቸውና ሰዓዳ በቁርዓን፣ እኔ በመስቀል።

መኪናዋ ደግሞ መኪና ናት! በእኔ ዕድሜ የምትሆን የጣሊያን ሥሪት ስፖርት መኪና፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ቀለሟ ወተት። ከዓይነቷ ተራዋ ነች፤ ዛሬ ደላሎች ስታንዳርድ የሚሏት። ሰዓት ሊገባበት የተሠራው ቦታ በጥቁር ክዳን ተደፍኗል፣ ሬድዮ የላትም፣ ወለሏ ምንጣፍ ሳይሆን ላስቲክ ነው። ለገማች ይህ ጉድለት አይደለም። ተራዋን የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የውዷን ጌጥ እየገዛ ይለጥፍባታል፤ ምንም ያልተለጠፈባት ስትገኝ ከፋብሪካ እንደወጣች ነች ማለት ነውና ትከበራለች። ኪሎ ሜትሯ ዐሥራ አንድ ሺህ ይላል። ቁጥር ሊዋሽ ይችላል ብዬ ሌላውን አየሁ። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ መስመሩ አልጠፋም። የሾፌሩ ወንበር አልሰመጠም። በሩ ሲከፈት አይወርድም። ሁሉም ከቁጥሩ ጋር ይስማማል። ቆማ የኖረች መኪና የራሷ በሽታ አላት፤ የነዳጅ ጋኗ ይዝጋል፣ የፍሬን ላስቲኮቿ ይደርቃሉ፤ እሱንም አይቼ ቀነስኩላት። እስከዚህ ድረስ ሥራዬን አላፍርበትም።

ሰዓዳ ከእኔ ቀድማ አይታታለች። እኔ ስደርስ እቤት ውስጥ ከትርንጎ ጋር ተቀምጣ ታወራለች። አያ እንድሪስ እንዳስተማሩን መጀመሪያ ገብቼ «መኪናዋ ምን ስትሠራ ኖረች?» ማለት ነበረብኝ። ግን እሷ የጠየቀችውን መልሼ ልጠይቅ? እሷ እስክትጨርስ ደጃፍ ላይ ተራ ልጠብቅ? አልገባሁም። በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄድኩ።

የፊቶቹን ጎማዎች አንስቼ አዞርኩ። የቀኝ የኋላውንም አዞርኩ። ሦስቱም እንደ አዲስ ናቸው። የግራው የኋላ ጎማ የቆመበትን ቦታ ከቧንቧ የሚፈሰው ውሃ ጭቃ አድርጎታል። ጎንበስ ስል መሐሉ ላይ የጠመኔ ጭረት አየሁ፤ ሰዓዳ ሳትጠርገው የቀረ ነጭ ጭረት። እንግዲህ እዚህ የሆነ ነገር አግኝታለች። እጄ ወደ ክሪኩ ሄደ፣ ተመለሰ። ይህን ጎማ አንስቼ ጉድለቱን ባገኝ፣ ያገኘችው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። «ልጂቱ» ባለፈችበት እየተከተልኩ ልቃርም! ደግሞስ ዐሥራ አንድ ሺህ ብቻ የሄደች መኪና ጎማዋ ምን ይሆናል? ክሪኬን ይዤ ወጣሁ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ለእኔ ገደሉም ታይቶኛል።

በማግስቱ ዋጋ ተከፈተ። የእኔ ከሁለቱ ክፍሎች ዋጋ በላይ ነበር። የሰዓዳ የእኔን ግማሽ አይሞላም። አያ እንድሪስ ምክንያት ጠየቁ።

«የግራ የኋላ ኩሽኔታው አልቋል» አለች ሰዓዳ። «ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻልም ተበልቷል። መምህር ኮላ ድባ ሲያስተምሩ የሰፈሩ ወፍጮ ሞተሩ ተሰበረ። የማኪናዋን ግራ ጎማ ከመሬት አንስተው፣ በቺንጋ ከወፍጮው ጋር አያይዘው፣ ሁለት ዓመት ለሰው እህል ፈጭተውባታል። አንዱ እግሯ መሬት ይዞ ሌላው ብቻውን ሲዞር ነው የከረመው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ስፖርት መኪና ማሽላ ፈጨች!

«ኪሎ ሜትሩስ ምነው ሳይቆጥር?» አለ አስማማው።

«አባቴ የቆጣሪውን ገመድ ፈትቶት ነበር» አለች ትርንጎ። «ቆማ እየዋለች ሄደች ብሎ መቁጠር ውሸት ነው ይል ነበር። ልጅ ብሆንም ዱቄቱ ወንበሯ ላይ ሲቦን አይቻለሁ።»

«እኔ አላየሁም» አለ አስማማው። ያኔ እሱ አዳሪ ተማሪ ነበር።

አያ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ጌታሁን፣ የግራውን የኋላ ጎማ አንስተህ በእጅህ አዙረኸዋል?»

ኮላ ድባ ትዝ አለችኝ። የጠመኔው ጭረት ትዝ አለኝ። ቀና ስል ሰዓዳ አፍጥጣ ታየኛለች፤ የምትለምነኝ ትመስላለች። እኔ ግን የምትፎክርብኝ መሰለኝ።

«አዙሬዋለሁ አያ። ምንም የለበትም» አልኩ።

በመሐላ የተናገረን ገማች «ሄደን እንደገና እንየው» ማለት ሐሰተኛ ብሎ መስደብ ነው፤ ማንም አላለም። አያ እንድሪስ «እንግዲያው የጌታሁን ይጽና» አሉ። ትርንጎ ክፍሎቿን አጣች። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። በልጃቸው ላይ እኔን መረጡ! ከማራኪ እስከ ቤቴ ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ሄድኩ።

ስድስት ወር አልሞላም። ትርንጎ መኪናዋን ልትሸጥ ገዢ አገኘች፤ ሰውዬው ልሞክራት ብሎ ወደ ላይ ሲነዳት የግራው የኋላ ጎማ ከሚያዞረው ዘንግ ጋር ወጥቶ ከመንገድ ወረደ። ሰው አልተጎዳም። ገዢው ግን ሄደ። ሴትዮዋ ለተማሪ የምታከራይ ባለ ቤት መሆኗ ቀርቶ ከከተማው ወጣ ብላ ወለቃ መንደር አንድ ክፍል ተከራየች፤ መኪናዋን አስጎትታ ቆርቆሮ ሥር አቆመቻት። ለሥራ ወደ ደባርቅ በሄድኩ ቁጥር ወለቃ ስደርስ ፊቴን ወደ ሌላው ወገን አዞር ነበር።

አያ እንድሪስ ወሬውን ሰምተዋል። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ግን ከዚያ ወዲያ «ጎማውን አዙረኸዋል?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም አልተናገርኩም። ሲሞቱ እስከ መቃብሩ ደጃፍ ሸኘኋቸው። ከቀብር መልስ እቤታቸው ሰው ሁሉ ሰዓዳን እየከበበ ያጽናናል። እኔ ግንብ ሥር ቆሜ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ለምን እኔን የሚያጽናናኝ የለም ብዬ ቀናሁባት። ሰው እንዲህ ይሆናል።

ዘንድሮ፣ ጋቢዬን ለብሼ እቤቴ ከተቀመጥኩ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሰዓዳ መጣች። ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ሸብቷል። ጋራዡን አሁን የምትመራው እሷ ናት።

«ትርንጎ ማኪናዋን ልትሸጥ ነው» አለችኝ። «ጎማዋን ከዓመታት በፊት አሠርቼላታለሁ። ሙሽራ የሚያጅብባት ሰው ከአዲስ አበባ መጥቷል። ሁለት ገማች ያስፈልጋል። ተነሥ እንሂድ።»

«እኔን ጠርታ ነው?»

«እሷ አልጠራችህም። እኔ ነኝ የጠራሁህ።»

«በከተማው ገማች ጠፍቶ ነው?»

«ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለም ወይ?» ብላ ሳቀች። «አንተን ልብለጥ ብዬ አይደል እዚህ የደረስኩት።»

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዐሥራ ሁለት ዓመት የያዝኩት ነገር እዚያ አላስቀምጥ አለኝ። «ያን ዕለት ጠመኔውን ሳትጠርጊ ረስተሽ ነበር» አልኳት። «አይቼዋለሁ። አይቼ ነው ያለፍኩት።»

«አልረሳሁም» አለች።

«እንዴት?»

«እንዳታልፈው ብዬ ነው የተውኩት። አባየ የእኔን ቃል ብቻ ይዞ አይፈርድም ነበር። ለልጁ አደላ ከሚሉት ሞት ይሻለው ነበር። እኔና አንተ በተለያየን ቁጥር የጸናው ያንተ ነው፤ ልብ አላልከውም? ስንት ጊዜ እውነት ይዤ ዝም እንዳልኩ አታውቅም። ትርንጎ የምትተርፈው አንተም ካገኘኸው ብቻ ነበር። ሕጉን ጥሼ ተውኩልህ።»

ማሩ ለእሷ፣ ሰፈፉ ለእኔ ስል ነበር የኖርኩት። ለካ የአባቷ ልጅ በመሆኗ ተሸናፊዋ እሷ ነበረች። ወለቃ ስንደርስ የባጃጁን ሒሳብ እኔ ከፈልኩ።

ትርንጎ ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች ጎን ሻይ ትሸጣለች። ገና ሳልቀመጥ ነገርኳት። «የግራውን ጎማ አላዞርኩትም ነበር። አዙሬዋለሁ ያልኩት ውሸት ነው።»

የያዘችውን ብርጭቆ ማጠቧን አልተወችም። «አውቃለሁ ጋሽ ጌታሁን። ያን ዕለት የሰዓዳ ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። የእርስዎ ሱሪ ንጹሕ ነበር። አይቼዋለሁ። ለማን ልናገር? ተበዳይም እኔ፣ ምስክርም እኔ።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታውን እያደር እናየዋለን» አለች። «አሁን ሥራዎን ይሥሩ። ያለውን ይጻፉ እንጂ ለእኔ ብለው እንዳይጨምሩ። የሚገዛት ሰው እንደ እኔ እንዲሆን አልፈልግም።»

መኪናዋ ቆርቆሮ ሥር ቆማለች። ጥቁሩ ክዳን በቦታው ነው፤ ሬድዮ አሁንም የላትም። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ዛሬ የሚፈልጉት እንዲህ ያለችውን ያልተነካካች ተራ መኪና ነው፤ የዘንድሮ ዋጋዋ ያኔ ከዋሸሁት በላይ ይሆናል። ይህንን ሳስብ ደስ አለኝ፤ ትርንጎ የሆነ ነገር ታገኛለች።

ተራው የእኔ ነበር። ጋቢዬን አውልቄ ግንድ ላይ አስቀመጥኩ። የግራውን የኋላ ጎማ አነሳሁና መሬቱ ላይ ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዞርኩት። መዳፌ ላይ ጥቂት ሻከረኝ፤ አዲሱ ኩሽኔታ ሲገባ አንድ ጎኑ ተጣሞ ነው። ጠመኔ አወጣሁ፣ አሰመርኩበት። ሌሎቹንም ሦስቱን አዞርኩ። ስጨርስ ጨርቁ እጄ ላይ ነበር። ጭረቱን ሳልጠርገው ወጣሁ።

ሰዓዳ ገባች። ጭረቱን አየችው። ቀሚሷን ሰብስባ መኪናዋ ሥር ተኛችና ቆየች፣ በጣም ቆየች። ወጥታ ልብሷን ስታራግፍ እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከእኔ ጭረት አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ፣ አካሏን በሚሸከመው ሞላ፣ ሱስታው ላይ፣ ሌላ ጭረት አድርጋለች፤ ሳትጠርገው ትታልኛለች። ዓይኔን አስጠግቼ ባይ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነው። ዕድሜ ልኬን መኪና ሥር የተኛሁ ሰው አላየሁትም ነበር።

ቀናሁ።